ካሜራ ስንገዛ የምንከፍለው ለብርሃን ነው ወይስ ለስም?

ዲጂታል ካሜራ ከፎቶ ቤቶችና ከጋዜጠኞች እጅ ወጥቶ በተማሪው፣ በመምህሩና በተመራማሪው እጅ መግባት ከጀመረ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ዛሬም አልተለወጠም። «ለጀማሪ የተሠራውን ልግዛ ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ የባለሙያውን?» ይላል። ይህን ጥያቄ የሥነ ፈለክ ክበብ አባላት፣ የመስክ ጥናታቸውን በምስል መሰነድ የሚፈልጉ የሥነ ሕይወትና የሥነ ምድር ተማሪዎች፣ እንዲሁም በትርፍ ጊዜያቸው ሠርግና ምረቃ እያነሡ የኪስ ገንዘብ የሚያገኙ ወጣቶች ደጋግመው ያቀርቡልናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ተከትሎ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለናረ፣ ጥያቄው የግል ምርጫ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መላው ቤተሰብ የሚመክርበት ጉዳይ ሆኗል።

የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ለአብዛኛው ተማሪና ለአብዛኛው የትምህርት ክፍል የሚበጀው ለጀማሪ የተሠራው ካሜራ ነው። የሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ወደ ሌንስና ወደ ካሜራ ማቆሚያ ሊሄድ ይገባዋል። ይህን የምንለው ውድ ዕቃን ለመንቀፍ ወይም ርካሹን ለማሞገስ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ፊዚክስና ሒሳብ ጉዳዩን መመዘን ስለሚቻል ነው። ውድ አንባብያንም ስሌቱን ከእኛ ጋር እንዲከተሉ እንጋብዛለን።

ካሜራ የብርሃን ቅንጣት ቆጣሪ ነው

አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ብርሃን ፎቶን በተባሉ የኃይል ቅንጣቶች እየተከፋፈለ ኤሌክትሮኖችን ከቁስ አካል እንደሚያስለቅቅ ሲያስረዳ፣ የዛሬው ዲጂታል ካሜራ የሚሠራበትን መሠረታዊ ሐሳብ አስቀምጦ ነበር። ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪዎች ሲሲዲ የተባለውን ከሲሊከን የተሠራ መሣሪያ ፈለሰፉ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ መሣሪያ ተጠቅሞ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ በእያንዳንዱ ጎን 100፣ በጠቅላላው 10,000 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር።

ዛሬ የብዙዎቹ ካሜራዎች ሴንሰር ሲሞስ በተባለው የአሠራር ዘዴ የተተካ ቢሆንም መሠረተ ሐሳቡ አንድ ነው። ሴንሰሩን በክረምት ዝናብ ወቅት በግቢ ውስጥ ተጠጋግተው በተደረደሩ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጣሳዎች ልንመስለው እንችላለን። እያንዳንዱ ጣሳ አንድ ፒክስል ነው፤ ጠብታዎቹም ፎቶኖች ናቸው። ካሜራው በየጣሳው የተጠራቀመውን ይቆጥርና ቁጥሩን ወደ ምስል ይለውጣል።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ያስቀመጠችው አንድ ወሰን አለ። ጠብታዎቹ በዘፈቀደ ስለሚወርዱ ሁለት ጎረቤታም ጣሳዎች በትክክል እኩል አይሞሉም። አንድ ፒክስል በአማካይ 100 ፎቶኖችን ቢቆጥር፣ ቆጠራው በ100 ዳግም ዘር፣ ማለትም በ10 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህ አሥር በመቶ ነው። 10,000 ቢቆጥር ግን መዋዠቁ 100 ብቻ ስለሆነ ወደ አንድ በመቶ ይወርዳል። በጨለማ ክፍል በተነሣ ፎቶ ላይ እንደ አሸዋ ተበትኖ የሚታየውና ፎቶ አንሺዎች ኖይዝ የሚሉት ነገር በአብዛኛው ይኸው ነው። ኖይዝ እንዲቀንስ ዋናው መንገድ ብዙ ብርሃን መሰብሰብ ነው። የካሜራው ስምና ዋጋ ይህን ሕግ ሊሽሩት አይችሉም።

ሁለት ካሜራዎች በሚዛን ላይ

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ሁለት እውነተኛ ካሜራዎችን እናነጻጽር። ለጀማሪዎች የቀረበው ካኖን ኢኦኤስ አር100 እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ ያለ ሌንስ 480 ዶላር፣ ከመነሻ ሌንሱ ጋር ደግሞ 600 ዶላር ያህል ነበር። ለባለሙያዎች የተሠራው ኒኮን ዜድ9 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ያለ ሌንስ 5,500 ዶላር ተተምኖለት ነበር። ዋጋው ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ለዚህ የዋጋ ልዩነት በብርሃን በኩል የምናገኘው ምንድን ነው?

የአር100 ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስፋቱ 332 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። የዜድ9 ደግሞ 35.9 በ23.9 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱም 858 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። የሌንሱ የቀዳዳ ቁጥርና ሸተሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ እኩል ከሆኑ፣ ትልቁ ሴንሰር 2.6 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ኖይዝ የሚሻሻለው ግን በ2.6 ዳግም ዘር፣ ማለትም በ1.6 እጥፍ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በዓይን የሚታይ ነው፤ አንክደውም። ይሁን እንጂ ከአሥራ አንድ እጥፍ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ስለ ሜጋፒክስልም እንዲሁ ነው። አንደኛው 24፣ ሁለተኛው 45.7 ሜጋፒክስል አላቸው። ቁጥሩ እጥፍ የሆነ ይመስላል፤ ነገር ግን ፒክስል የሚቆጠረው በስፋት ነው። ዝርዝር ነገርን የመለየት ችሎታ የሚጨምረው በአንድ አቅጣጫ በሚገኘው ብዛት በመሆኑ ልዩነቱ 1.4 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ አንድ ሙሉ የኤ4 ገጽ በጥሩ የኅትመት ጥራት ለማተም የሚያስፈልገው 8.7 ሜጋፒክስል ያህል ነው። ፎርኬ የተባለው ጥራት ያለው የቴሌቪዥን መስኮት ደግሞ 8.3 ሜጋፒክስል ብቻ ያሳያል። በመሆኑም የጀማሪው ካሜራ ከሁለቱም ይበልጣል፤ የተረፈው ምስሉን ቆርጦ ለማሳነስ ካልሆነ በቀር አይታይም።

በዚህ ላይ የብርሃን ሞገድነት የራሱን ድርሻ ይጠይቃል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን የአንድ ኮከብ ምስል እንኳ ነጥብ ሳይሆን ትንሽ ክብ ሆኖ ያርፋል። የክቡ ዲያሜትር በ2.44፣ በብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና በሌንሱ የቀዳዳ ቁጥር ብዜት ይገኛል። ለአረንጓዴ ብርሃን፣ የቀዳዳው ቁጥር 8 ሲሆን፣ ውጤቱ 10.7 ማይክሮ ሜትር ነው። የአር100 አንድ ፒክስል 3.7 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ ክቡ ወደ ሦስት ፒክስሎች ይሸፍናል። ቁጥሩ 16 ሲሆን ክቡ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ሌንሱ ያላሳለፈውን ዝርዝር ተጨማሪ ሜጋፒክስል ሊፈጥረው አይችልም።

ገንዘቡ ወደ ሌንስ ይሂድ

ከአር100 ጋር የሚሸጠው መነሻ ሌንስ ወደ 45 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የቀዳዳው ቁጥር 6.3 ነው። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 በ200 ዶላር ያወጣው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን እስከ 1.8 ድረስ ይከፈታል። ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን ከቀዳዳ ቁጥሩ ካሬ ጋር በተቃራኒ ስለሚለዋወጥ፣ 6.3ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ብናበዛው ከ12 እጥፍ በላይ ይሆናል። የኖይዝ መሻሻሉም 3.5 እጥፍ ነው። በ5,500 ዶላር የተገኘው 1.6 እጥፍ ነበር፤ በ200 ዶላር ሌንስ የተገኘው ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ነው።

አንድ ተማሪ የሻማ ብርሃን ብቻ ያለበትን የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክፍል ወይም በምሽት የሚደረግን የምረቃ ግብዣ ማንሣት ቢፈልግ፣ መልሱ ከዚህ ስሌት ይገኛል። እርግጥ ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ይጠብባል፤ የፊተኛው ረድፍ ሲጠራ የኋለኛው ይደበዝዛል። የማይንቀሳቀስ ነገር የሚያነሣ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው። ጠንካራ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ተጠቅሞ ሸተሩን ከ1/30 ሰከንድ ወደ 1 ሰከንድ ቢያረዝም ሠላሳ እጥፍ ብርሃን ያገኛል። የትኛውም የሴንሰር ልዩነት ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

የሌንስን ነገር ከሥነ ፈለክ ምርምርም መማር እንችላለን። ፒተር ቫን ዶከምና ሮቤርቶ አብርሃም የተባሉ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ድራገንፍላይ የተሰኘውን መሣሪያ ሲገነቡ የተጠቀሙት በገበያ የሚሸጡ የካኖን 400 ሚሊ ሜትር ሌንሶችን በአንድ ላይ አቀናጅተው ነው። በሌንሶቹ ላይ ያለው ልባስ ተበታትኖ የሚገባውን ብርሃን በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ እጅግ ደብዛዛ የሆኑ ጋላክሲዎችን ለማየት ተስማሚ ሆነው አገኟቸው። እ.ኤ.አ. በ2015ም በኮማ የጋላክሲ ክምችት ውስጥ 47 ደብዛዛ ጋላክሲዎችን አሳወቁ። ሌንሶቹ ርካሽ አልነበሩም። ነገር ግን የተመረጡት በስማቸው ሳይሆን ሥራው ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ተለይቶ ስለታወቀ ነው። የእኛም ክርክር ይኸው ነው።

የባለሙያው ካሜራ ለምን ይወደዳል?

ከዚህ በላይ ያለውን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ባለሙያዎች በከንቱ ነው የሚከፍሉት?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በፍጹም አይደለም። ባለሙያው የሚከፍለው ከምስሉ ጥራት ይልቅ ለእርግጠኝነት ነው።

የባለሙያ ካሜራ ሁለት ሚሞሪ ካርዶችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይተርፋል። አር100 የሚይዘው አንድ ካርድ ብቻ ነው። የባለሙያው አካል አቧራና ርጥበት እንዳይገባበት ተደርጎ የታሸገ ነው፤ ባትሪው ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ የሚሮጠውን ሰው ዓይን ሳይስት ይከተላል። ዜድ9 በሰከንድ 20 ምስሎችን በጥሬ የሴንሰር መረጃ መልክ ማንሣት ይችላል።

ሌላው ልዩነት የሴንሰሩ የንባብ ፍጥነት ነው። ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነብባሉ። ንባቡ 1/25 ሰከንድ ቢፈጅና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ሚኒባስ ታክሲ ከፊታችን ብታልፍ፣ የላይኛው መስመር ተነብቦ የታችኛው እስኪነበብ ድረስ ታክሲዋ 67 ሳንቲ ሜትር ትጓዛለች። በዚህ ምክንያት በምስሉ ላይ ያዘነበለች ትመስላለች። የዜድ9 ሴንሰር እጅግ ፈጣን ስለሆነ ሠሪዎቹ ሜካኒካል ሸተሩን ጨርሰው አስወግደውታል።

ስለዚህ ምርጫውን የሚወስነው ጥያቄ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ሳይሆን «ይህ ምስል ቢያመልጥ ምን ይጠፋል?» የሚለው ነው። ሠርግ አይደገምም፤ ሙሽሮቹ ከፍለውት ሳለ ካርዱ የተበላሸበት ወጣት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያጣል። ወደ ዳሎል የጨውና የአሲድ ምድር የሚወርድ ተመራማሪም ካሜራው በመንገድ ቢቆምበት የዓመት ዕቅዱ ይስተጓጎላል። እነዚህ ሰዎች ለእርግጠኝነት ቢከፍሉ ትክክል ናቸው። ነገ ተመልሶ ማንሣት ለሚችል ተማሪ ግን ይህ ወጪ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

በቁም ሣጥን የተቆለፈው ካሜራ

ይህ ጉዳይ ከግለሰብ ይልቅ ተቋማትን ይመለከታል ብለን እናምናለን። የትምህርት ክፍሎችና የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት በጀት ሲያገኙ ብዙውን ጊዜ «እስከ ዘለቄታው የሚሆነውን ትልቁን እንግዛ» ይላሉ። ውድ ዕቃ በቋሚ ንብረት መዝገብ ይሰፍራል፤ አንድ ኃላፊ ይፈርምበታል፤ ቢሰበር ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ስለሚሰጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፈዋል። ካሜራው ለእንግዶች ጉብኝትና ለምረቃ ቀን ብቻ ይወጣል። ባለቤት የተባለው ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ ሲመረቅ አንድ ጊዜ እንኳ አልነካውም።

ከላይ በጠቀስነው ዋጋ አንድ ዜድ9 ያለ ሌንስ የሚገዛው ገንዘብ ዘጠኝ አር100 ከነሌንሳቸው ይገዛል። ዘጠኝ ካሜራ ማለት በአንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ዘጠኝ ቡድኖች በራሳቸው እጅ የሚሠሩበት ዕድል ማለት ነው። በሰከንድ 60 ምስል በሚያነሣ ቪዲዮ የምትወድቅ ኳስን ቀርጸው የመሬት ስበት ፍጥነት ጭማሪን መለካት ይችላሉ። የኮከቦችን ብሩህነት ለውጥ ሌሊት ለሌሊት መከታተልም ይችላሉ። ካሜራው የሴንሰሩን ጥሬ ቁጥር በ14 ቢት፣ ማለትም በ16,384 ደረጃዎች ስለሚያስቀምጥ ለቤተ ሙከራ ልኬት ይበቃል። የተለመደው ጄፔግ ፋይል ግን ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ተማሪዎቻችን የሰሜንንም የደቡብንም ሰማይ ከዋክብት የማየት ዕድል አላቸው፤ ይህ ዕድል በካሜራ እጦት ሊባክን አይገባውም።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው የታየውን የቀለበት ግርዶሽ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን አፍሪካና በዐረብ ምድር የሚያልፍ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ በአገራችንም በከፊል ይታያል። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ የፀሐይ ምስል በሴንሰሩ ላይ 2.8 ሚሊ ሜትር ያህል ዲያሜትር ይኖረዋል። ይህ በአር100 ላይ 750 ፒክስል ያህል ሲሆን በዜድ9 ላይ 640 ያህል ነው። የትንሹ ካሜራ ፒክስል ስለሚያንስ በተመሳሳይ ሌንስ ፀሐይን የበለጠ ከፋፍሎ ያሳያታል። ለፀሐይ ብርሃን አለመትረፍረፍ ችግር አይደለም፤ ችግሩ መብዛቱ ነው። በመሆኑም ለክበባቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው በሌንሱ ፊት የሚገጠም አስተማማኝ የፀሐይ ማጣሪያ ነው። ያለ ማጣሪያ ዓይንም ካሜራም ይጎዳል።

ለገዢው ጥቂት ምክር

በመጀመሪያ፣ የዛሬ ባለሙያ ካሜራ የነገ ተራ ካሜራ መሆኑን አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 ወደ 5,000 ዶላር የሚደርስ ዋጋ ነበረው፤ ሜጋፒክስሉ ግን 2.7 ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ከ1,000 ዶላር በታች ለጀማሪዎች የቀረበው ካኖን ኢኦኤስ 300ዲ 6.3 ሜጋፒክስል ነበረው። የካሜራው አካል በፍጥነት ያረጃል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው እየተላለፈ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

ሁለተኛ፣ ያገለገለ ካሜራ መግዛት ብልህነት ነው፤ ሆኖም ሌንሱና ካሜራው መስማማታቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኒኮን ዲ40 በአካሉ ውስጥ የሌንስ ማስተካከያ ሞተር ስለሌለው፣ በራሳቸው ሞተር የሌላቸው የቆዩ ሌንሶች ሲገጠሙበት በእጅ ካልተስተካከሉ አይጠሩም። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ 16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ማንሣትም ጠቃሚ ነው፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይጋለጣል።

ሦስተኛ፣ በእጃችን ያለውን ስልክ አንናቅ። ሴንሰሩ ትንሽ ቢሆንም ብዙ ምስሎችን በተከታታይ አንሥቶ ያዳምራል፤ ዘጠኝ ምስሎች ሲዳመሩ ኖይዝ በዘጠኝ ዳግም ዘር፣ ማለትም በሦስት እጥፍ ይቀንሳል። ብርሃንን፣ ማዕዘንንና ጊዜን ማስተዋል በስልክም ይለመዳል። በስልኩ ያልቻለውን ነገር ለይቶ መናገር የሚችል ተማሪ የሚገዛውን ካሜራ ማወቅ ጀምሯል።

በአጠቃላይ «ባለሙያ» የሚለው ቃል የሥራው እንጂ የዕቃው ቅጽል አይደለም። ለእርግጠኝነት መክፈል ግድ የሆነበት ሰው ይክፈል። ሌላው ግን ብዕርና ወረቀት ይዞ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስፈልገው፣ ምስሉ የት እንደሚታይና ቢያመልጠው ምን እንደሚያጣ ያስላ። የበጀት ኮሚቴዎቻችንም የካሜራውን ዋጋ ከመመልከታቸው በፊት በዓመቱ ስንት ተማሪዎች በእጃቸው እንደሚይዙት ይጠይቁ። የሳይንስ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተግባሩ ተማሪው ራሱ እንዲለካ ማድረግ ነውና።